አምስተኛው እንስሳ

ሚያዝያ አሥራ ሦስት ነበር፤ ቅዳሜ። ቅዳሜ መሆኑን እንኳ እጠራጠራለሁ። ባለቤቴ «እሑድ ነው፤ በዋዜማው ልብስ ሳጥብ አልነበረም እንዴ የዋልኩት?» ትላለች፤ እሷ ደግሞ ቀን አትስትም። ልጄን ብጠይቃት «ፈተና የጨረስን ሰሞን» ትለኛለች፤ ፈተና የጨረሱት ግን ግንቦት ውስጥ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ፤ ያ ሳምንት ባዶ ነው። እንግዲህ ስለ ቀኑ ከማንም ጋር አልከራከርም። የማልጠራጠረው፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ሊነጋጋ ሲል ማባራቱንና ጋሼ አያርፉ የምንላቸው ሰው ጀልባ ቀዛፊ ሆነው ይቀጥሉ ወይም አይቀጥሉ የሚወሰነው ያን ዕለት መሆኑን ነው።

ቦታው ከከተማችን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ባሕሩ በጥንት ዘመን ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በኋላ አሸዋው እንደ ግድብ ተከምሮ በሩን ዘግቶበት፣ እዚያው የቀረ ውኃ አለ፤ እኛ ሐይቅ እንለዋለን። ሦስት ጎኑን ደን ይከበዋል። ዝናብ የማይለየው፣ በዛፉ ላይ ዛፍ፣ በዛፉ ላይ ሐረግ የበቀለበት፣ በቀትር እንኳ ውስጡ ጨለም የሚል ደን ነው። ፓርክ ተብሎ ሲከለል በር ተሠራለት፤ ለልጆች ዥዋዥዌ ተተከለ፤ ውኃው ዳር የሣር ክዳን ያላቸው መቀመጫዎች ቆሙ። ሰው ከነቤተሰቡ እየመጣ ይውልበታል። ዥዋዥዌ ግን የትም አለ። ሰው የሚመጣው በጀልባ ገብቶ አዞውን፣ ጉማሬውን፣ ጉሬዛውን ለማየት ነው።

«አያርፉ» እናት አባት ያወጡት ስም አይደለም። ማን እንዳወጣላቸው እሳቸውም አያውቁም፤ ለምን እንደ ወጣላቸው ግን ሁሉም ሰው ያውቃል። ቆመው ይበላሉ። ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ሰው እያናገሩ እንኳ አንድ እግራቸው መሄድ ጀምሯል። በወጣትነታቸው የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ተቀጥረው ነበር አሉ፤ በሳምንቱ ተባረሩ። አለቃው በመጣ ቁጥር በሩ ላይ የሉም፤ መጋዘኑን ሲዞሩ ነው። «ሌባው የት እንዳለህ ካላወቀ ማንን ፈርቶ ይመለስ?» ብሎ አሰናበታቸው። ከዚያ ልብስ ስፌት ገቡ። የስፌት መኪናው እግር ስለሚያሠራ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ግን የሰፉት ሱሪ ሁሉ አንዱ እግሩ ያጥራል። ባለሱቁ ሱሪውን አንስቶ እያሳየ «ችኮላህ እኮ ደንበኛዬን አንካሳ አደረገው» አላቸው። ቀጥሎ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ገፊ፣ ቀጥሎ ደብዳቤ አዳይ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ሐይቁ ዳር መጡ፣ መቅዘፊያ ጨበጡ፣ በቃ።

«ውኃም አርፎ አይቀመጥም» ብለውኛል አንድ ጊዜ። «ተገናኘን።»

መጀመሪያ ያየኋቸው በልጅነቴ ነው። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር አባቴ የጓደኛውን ፒካፕ ለምኖ ስድስታችንንም ከኋላ ጭኖ ወደ ሐይቁ ይወስደን ነበር። አባቴ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ድምፁ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ሲቆጣ እንኳ የሚያነብብ ነበር የሚመስለው። አንድ ዓመት ታዲያ ጉማሬ ከጀልባችን ፊት ብቅ ብሎ አፉን እስከ ጆሮው ሲከፍት፣ አባቴ ብድግ አለና «እዩት! እዩትማ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ አያርፉ የኮቱን ጫፍ ይዘው ጎተቱት። «ጌታዬ፣ ይቀመጡ! አፉን የከፈተው እንቅልፍ መጥቶበት አይደለም!» አባቴ ተቀመጠ፤ እስክንመለስ ድረስ ግን ሳቁን ማቆም አልቻለም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልኖረም። ከእሱ ፎቶግራፎች በሙሉ አንድም የሚስቅበት የለም፤ ሲስቅ የማስታውሰው እዚያ ጀልባ ላይ ብቻ ነው። ሚስት አግብቼ ልጅ ከወለድኩም በኋላ በየዓመቱ ወደዚያ የምመላለሰው ለምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው «ለልጄ አየር ለማስቀየር» እላለሁ።

የዚያ ሐይቅ ቀዛፊዎች ቀኝና ግራ ብቻ አይሉም። ለእነሱ ጀልባ አካል አለው። ፊቱ አፍንጫ ነው፤ ከአፍንጫው ቀጥሎ ቀኝ ጉንጭና ግራ ጉንጭ፤ መሐሉ ብብት፤ ኋላው ጅራት። «በቀኝ ጉንጭ፣ ሁለት ሰው ከፍታ» ሲሉህ፣ ወደ ፊት ቀኝ ዞረህ ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚደርስበትን ቅርንጫፍ ታያለህ፤ ወፏ እዚያ ናት። ጋሼ አያርፉን ማንም አይወዳደራቸውም ነበር። እኛ ቅጠል ስናይ እሳቸው ዓይን ያያሉ። እኛ ግንድ ስናይ እሳቸው ጅራት ያያሉ።

ኋላ ላይ ጣጣ መጣ። ከአዲሶቹ ቀዛፊዎች አንዳንዶቹ እንስሳ ሲጠፋባቸው ተንሳፋፊ ግንድ እያሳዩ «አዞ ነው፣ ተኝቷል» ማለት ጀመሩ። ጎብኚው ፎቶ ያነሳና ቤቱ ሄዶ አጉልቶ ሲያየው የዛፍ ልጥ ነው። አቤቱታ በዛ። ፓርኩም ደንብ አወጣ፦ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ ከአንድ ጎብኚ ቤተሰብ ጋር ይሳፈራል፤ ቀዛፊው አምስት እንስሳ ማሳየት አለበት። አምስት ካልሞላ በሌላ ቀን ይደገማል። የሌለውን እንስሳ «አለ» ያለ ግን እዚያው ፈቃዱን ያስረክባል፤ ወደ በር ይዛወርና ወንበር ላይ ተቀምጦ ቲኬት ይቀድዳል። ለሌላ ሰው ይህ ቅጣት ላይመስል ይችላል። ጋሼ አያርፉን ወንበር ላይ አስቀምጦ ቲኬት ማስቀደድ ግን ወንዝን በባልዲ እንደማስቀመጥ ነው።

ያን ጠዋት ስንደርስ ባለቤታቸው፣ እኛ «እትዬ» የምንላቸው፣ በመሳፈሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤታቸው በር ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ።

«ና እስቲ ወዲህ። ዛሬ አንተን ያመጣልኝ እግዜር ራሱ ነው።»

«ምነው እትዬ፣ ደኅና?»

«ደኅና ብልህ ታምነኛለህ? ዓይኑ ሄዷል።»

«የማን ዓይን?»

«የማን ይሁን! የእኔማ ምን ሆነች፤ አንተ ሸሚዝህን አዛብተህ መቆለፍህ እንኳ አላመለጣትም።»

ዝቅ ብዬ ሳይ እውነትም አዛብቼዋለሁ። እየፈታሁ፣ እየቆለፍኩ አዳመጥኳቸው። ሐኪሙ የጋሼ አያርፉ ጉዳት ከዓይናቸው በስተኋላ ነው ብሏል። መነጽርም፣ ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ ትክ ብለው የተመለከቱት ነገር ላይ ግን ጭስ ይቀመጥበታል። ዳርቻውን፣ ዛፉን፣ ሌላ ጀልባን ይለያሉ፤ ከምንም አይጋጩም፤ ለዚህ እትዬ ማሉልኝ። ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ ግን ለእሳቸው የለችም።

ያኔ ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሼ ሲያናግሩኝ አንገታቸውን ጠምዝዘው በጎን ነበር የሚያዩኝ። እኔ ሞኙ፣ ኮሩብኝ ብዬ በሆዴ ይዤባቸው ነበር።

«ታዲያ እንዴት እየሠሩ ነው?»

«በጆሮው፣ በአፍንጫው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየውን ቦታ በእግሩ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ያ ተቆጣጣሪ ይሳፈራል፤ ከእናንተ ጋር። ድምፅ ያለውን እንስሳ ራሱ ያገኘዋል። ድምፅ የሌለው ነው ጭንቄ።» ወደ ልጄ ዞሩ። ልጄ ውኃው ዳር ቆማ ጠጠር ትወረውራለች። «የልጅህ ዓይን ጥሩ ነው?»

«ምን እንድታደርግ ነው?»

«አፍንጫው ላይ ትቀመጥ። እንስሳ ስታይ በተረከዟ እንጨቱን ትምታ። በባዶ እግሩ ነው የሚቀዝፈው፤ ይሰማዋል። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ዛሬ ቤት አያስገባኝም።»

ባለቤቴ ከኋላዬ መቆሟን አላየሁም ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ነገር፣ ዓይኑ የማያይ ሰው ልጄን አዞ ያለበት ውኃ ላይ ሊወስዳት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ማጭበርበር ልታስተምሩልኝ ነው?»

«ያየችውን ነው የምታሳይ፤ ምኑ ነው ማጭበርበር?» አሉ እትዬ።

«ለማን ነው የምታሳየው ታዲያ?»

እትዬ የያዙትን ብርጭቆ በጨርቅ ወለወሉ፤ ንጹሕ ነበር፤ ደግመው ወለወሉት። አብረውን የመጡት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የእጅ ቦርሳቸውን ታቅፈው መሳፈሪያው ላይ መድረሳቸውን ከድምፃቸው አወቅን።

«ኧረ ኑ! ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉማሬ ሳላይ ኖሬያለሁ! እናንተ ተከራክራችሁ እስክትጨርሱ ወይ እኔ ወይ እሱ እንሞታለን!»

ልጄ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። እየሮጠች መጣች፤ ዓይኗ በርቷል። «አንድ ጊዜ ስመታ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ግራ! እሺ አባዬ?» ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ወደ ደኑ አየሁ። ዝም ማለት እሺ ማለት መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን።

ተቆጣጣሪው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትሑት፣ አዲስ ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ነው። አቅርቦ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቅጹን እንዳይርስ በላስቲክ ሸፍኖታል።

«ጋሼ፣ ዝግጁ ነዎት?»

«እኔ ዝግጁ ከሆንኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አንተ ጫማህን አውልቅ፤ ጀልባዬ ቦቲ አትወድም።»

ተቆጣጣሪው ሳቀና አወለቀ። ልጄ አፍንጫው ላይ፣ ባለቤቴና አማቴ ቀጥለው፣ እኔና ተቆጣጣሪው መሐል ላይ ተቀመጥን። ጋሼ አያርፉ ጅራቱ ላይ ቆሙ። ሲነሱ አንገታቸው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል፤ ዓለምን በጠርዟ እየለቀሙ። የማያውቅ ሰው «ንቁ ሰው ናቸው» ይላል። እኔ እንኳ እያወቅሁ እንደዚያ ልል ምንም አልቀረኝም።

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣች አዞው የት እንደሚሞቅ ያውቃሉ። «በቀኝ ጉንጭ፣ አሸዋው ላይ፣ አዞ» አሉ። ነበር፤ አፉን ከፍቶ። አማቴ ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ።

ሁለተኛው ጉሬዛ ነበር። ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ጠቆሙ፤ ጥቁርና ነጭ ፀጉሩን እያወናጨፈ ከዛፍ ዛፍ አለፈ። ሦስተኛውን ሁላችንም ሰማነው፤ ከጀልባዋ ብብት ማዶ አንድ ነገር «ፍፍፍ!» ብሎ ተነፈሰ።

«እማማ፣ ጉማሬዎ መጣ» አሉ ጋሼ አያርፉ።

አማቴ አንገታቸውን አሰገጉ። «የታል? ይኼ ነው? ጀርባው ብቻ?» ትንሽ አሰቡ። «ጎረቤታችን፣ የታችኛው ቤት ሰውዬ፣ ሲተኛ እንዲህ ነው፤ ይህን ለማየት ሦስት ሰዓት መጣሁ?»

ተቆጣጣሪው ሳይቀር ሳቀ። ቅጹ ላይ ሦስት ምልክት አደረገ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። እግሬን አጣጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ከዚህ በኋላ ውኃው ይጠብባል፤ ዛፎቹ ሥሮቻቸውን እንደ ጣት ከውኃው በላይ አቁመው ዳርቻውን ይዘጉታል፤ የሚሰማው የቅጠል ጠብታ ብቻ ነው።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ልጄ ሁለት ጊዜ መታች። ኳ፣ ኳ።

የጋሼ አያርፉን እግር አየሁ። ጣቶቻቸው እንጨቱ ላይ ተከፈቱ፤ መቅዘፊያው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ልጄ ደግማ መታች። ያኔ ቀስ ብለው «በግራ ጉንጭ» አሉ፤ ቆም አሉ፤ «ግንዱ ላይ። አርጃኖ።» እዚያ መታጠፊያ ላይ የወደቀው ግንድ የአርጃኖ ሰገነት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የቸገራቸው ባለቤቱ መኖሩን ማወቅ ነበር። ነበረ፤ የክንድ ርዝመት ያለው፣ ምላሱን እየላከ አየሩን የሚቀምስ።

ተቆጣጣሪው ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ሳያነሣ ልጄን ጠየቃት።

«የኔ እመቤት፣ እግርሽን ምን ነካው?»

«ምንም።»

«ስትመቺ የሰማሁ መሰለኝ።»

የልጄ ጆሮዎች ቀሉ። እኔን አላየችኝም፤ እናቷንም አላየችም። «ደንዝዞኝ ነው» አለች።

አሥር ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ዋሽታ አታውቅም አልልም፤ ብስኩት ሰርቃ ዋሽታለች። ይኼ ግን ሌላ ነበር፤ ድምፅዋ ወፈር ብሎ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ባለቤቴ አሁንም አንዳንዴ እራት ላይ ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ታየኛለች።

ጋሼ አያርፉ መቅዘፍ አቁመዋል። ጀልባዋ በራሷ ትንሸራተታለች፤ ከመቅዘፊያው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

«እግር ሲደነዝዝ ወደ ላይ ማንሣት ነው መድኃኒቱ» አሉ። «የኔ ልጅ፣ ሁለቱንም እግርሽን ወንበሩ ላይ አውጪ። እንደሱ። በቃ፣ እስክንመለስ አታውርጂያቸው።»

ልጄ እግሮቿን ሰብስባ አቀፈች። ባለቤቴ ትንፋሿን ለቀቀች። እኔም ምን እንዳደረጉ ገባኝ፤ ከዚህ በኋላ ማንም እንጨቱን አይመታላቸውም።

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ። «ጋሼ፣ አራት ደርሰናል» አለ። «አምስተኛው ካልተገኘ ምንም ችግር የለም፤ ሌላ ቀን ከሌላ ቤተሰብ ጋር እንደግማለን።»

«ሌላ ቀን» አሉ ጋሼ አያርፉ። ጥያቄ አይመስልም፤ መልስም አይመስልም። መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሄድንም። ከውኃው መሐል የበቀለ፣ ቅጠሉን የጨረሰ ደረቅ ዛፍ አለ፤ ከጫፉ የንስር ጩኸት መጣ። ዓሣ አዳኙ ንስር። ያን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም፤ ከፍ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ደኑን ከዳር ዳር ይሰነጥቀዋል። ጋሼ አያርፉ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አንገታቸውን እንኳ አልጠመዘዙም።

«በግራ ጉንጭ» አሉ ጮክ ብለው። «አራት ሰው ከፍታ፣ የደረቁ ዛፍ ጫፍ። ንስር።»

ሁላችንም አየን። ጫፉ ባዶ ነው። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ፣ ደረቷ የዛገ ብረት የሚመስል ጭብጥ የማታክል ወፍ ተቀምጣለች። አፏን ከፈተች፤ ያ የንስር ጩኸት ከእሷ ወጣ።

«አየሁት!» አሉ አማቴ። «አቤት ግዝፈቱ! ክንፉ ብቻ—»

«እማዬ» አለች ባለቤቴ፣ ክንዳቸውን ይዛ።

ተቆጣጣሪው መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ አወረደ፤ ደግሞ አደረገ። ሲናገር እንደ ልጅ ነበር የሚናገረው።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ድምፅ ሌባዋ ናት።»

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ፤ ለእኔ ማስረዳት የቀለለው ይመስላል። «የሌላውን ወፍ ሁሉ ድምፅ ትሰርቃለች» አለ። «ንስሩንም፣ እርግቡንም፣ የሰው ስልክም ሳይቀር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እዚችው ዛፍ ሥር አምጥተው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይንህን ጨፍን፣ በጆሮህ ለይ እያሉ ግማሽ ቀን አስቀመጡኝ። ንስሩ ሲጮህ መጨረሻው ላይ ድምፁ እየወደቀ ይሄዳል። ሌባዋ መጨረሻውን አታውቀውም፤ ትቆርጠዋለች።»

ወፏ እንደገና ጮኸች። አሁን አዳመጥኩ። መጨረሻው ላይ፣ ድምፁ ሊወድቅ ሲል፣ ቅጭ ብሎ ቆመ። እንደ እኔ ያለ፣ ወፍን ከወፍ ለይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ አንዴ ከተነገረው አይስተውም።

ተቆጣጣሪው ብዕሩን ይዞ አልጻፈም። «ምናልባት እውነተኛውም ነበረ ይሆናል» አለ። «ምናልባት እኛ ስንዞር በረረ።» ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ተመለከተ። «አንቺ ፊት ነበርሽ፣ የኔ እመቤት። ንስር ሲበርር አላየሽም?»

ልጄ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

«ልጅቷን ተዋት» አሉ ጋሼ አያርፉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «አንተ የመጣኸው እኔን ልትፈትን ነው። ያሳየሁት እኔ ነኝ። ጻፍ።»

ጻፈ። ጀልባዋ ዞረች። በመመለሻው መንገድ አማቴ ብቻ ነበሩ የሚያወሩት፤ ስለ ጉማሬው፣ ስለ ታችኛው ቤት ሰውዬ፣ ስለ ጉልበታቸው። ጋሼ አያርፉ «እህ» እና «እውነት?» እያሉ ይመልሱላቸዋል። ልጄ እግሮቿን እንዳቀፈች ናት። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ላያቸው ፈለግሁ፤ እፈልጋለሁ፣ እተዋለሁ። አራት ላይ ቢያቆሙ ፈተናው ለሌላ ቀን ይተላለፍ ነበር። በጆሮ መለየትን ለሐይቁ ሰው ሁሉ ያስተማሩ ሰው፣ ጆሮ ብቻ የቀራቸው ሰው፣ እንዴት በዚያች ወፍ ይታለላሉ? ምናልባት ደክሟቸው ነበር። ምናልባት ስለ ልጄ ስላሰቡ ጆሯቸው ሌላ ቦታ ነበር። ወይም ደግሞ ሁለት ዓመት የተሸሸጉበትን ነገር እዚያው፣ በራሳቸው አፍ፣ መጨረስ ፈልገው ነበር። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

መሳፈሪያው ላይ ስንወርድ ባለቤቴና ልጄ አማቴን ደግፈው ቀደሙ። ጋሼ አያርፉ ጀልባዋን አሰሩ። ከአንገታቸው የፈቃድ ካርዳቸውን አውልቀው፣ ክሩን ጠቅልለው፣ ለተቆጣጣሪው ሰጡት። «ክሩ የእኔ ነው፤ ግን ውሰደው» አሉት። እኔ አፌን ልከፍት ስል ተቆጣጣሪው ክንዴን ያዘ።

«ይቅርታ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንድ ሰው መፈረም አለበት። ደንብ ነው።»

ሻይ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። «የሌለ እንስሳ አሳይተዋል» ይላል። ወረቀቱ ረጥቧል፤ ብዕሩ አልጽፍ አለ። ሌላ ብዕር ፈለገ፤ ኪሱ ውስጥ የለም፤ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ ስልኬን፣ ቀኑን። ቀኑን ስጽፍ እንኳ ከእሱ ጠይቄ መሰለኝ፤ ምን እንዳለኝ አላስታውስም። በመጨረሻ ፈረምኩ። «ጥሩ አስተማሪዬ ነበሩ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ቀና ስል የሻይ ቤቷ መስኮት ተዘግቷል፤ ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ጀልባዋ ዳር ላይ ትወዛወዛለች። በአሸዋው መንገድ፣ ከዥዋዥዌዎቹ ማዶ፣ ሁለት ሰዎች በፍጥነት ይሄዳሉ፤ ጋሼ አያርፉ ከፊት፣ እትዬ ሊደርሱባቸው ከኋላ እየሮጡ። መንገዱ ዳር ዳቦ አድርሶ የሚመለስ መኪና ቆሟል።

ሮጥኩ። የረጠበ አሸዋ ነው፤ እግር ይይዛል። አንድ ጊዜ ወደቅሁ፤ ተነሣሁ። ሹፌሩ እትዬን ክንዳቸውን ይዞ ሲያሳፍራቸው፣ ጋሼ አያርፉ በሌላው በር ሲገቡ አየሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የጩኸቱን መጨረሻ ሰምተውት ነበር?

«ጋሼ!» አልኩ። «ጋሼ አያርፉ!»

ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ያዘ።